በጽዋ ላይ የተባለ አሜን

የትነበርሽ የጆንያ አፍ ትሰፋለች። ከጎንደር ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ የዱቄትና የብስኩት ፋብሪካ፣ ዱቄቱ ተመዝኖ በጆንያ ሲመጣላት፣ በአንድ እጇ አፉን ታጥፋለች፣ በሌላው መስፊያውን ታስኬዳለች። ከተቀጠረች ጀምሮ ሥራዋ ይኸው ነው። ወደ ቢሮ እንድትዛወር ጠይቀዋት ያውቃሉ፤ «ቁጭ ብዬ ምን ልሠራ?» ብላ ቀረች።

ትውልዷ ኮሶዬ ነው። የከተማው ሰው በኅዳር ጋቢ ሲደርብ እሷ በነጠላ ትሄዳለች፤ ብርድ የተባለውን እዚያው አገሯ ጨርሳ ያየችው ትመስላለች። ስለ ልጅነቷ እምብዛም አታወራም። አንድ ጊዜ ግን፣ ከሰፈራቸው ማዶ የአባቷን ማረሻ ይሠሩ የነበሩ ቤተ እስራኤሎች አንድ በአንድ ሲሄዱ ማየቷን ነገረችኝ። መጀመሪያ የሄዱት ሽማግሎቹ አልነበሩም፤ ልጆች ያሏቸው ናቸው። በመጨረሻ የቀረው አንድ ሰው ብቻውን ምድጃውን ሲያነድ ጭሱ ይታያቸው ነበር፤ ከዚያ ጭሱም ቀረ። «ሰፈር ሲለይ ድምፅ የለውም» አለችኝ። ይህን ያለችው ስለ ፋብሪካው ስናወራ ነው፤ ለምን እንደመጣባት የገባኝ ቆይቶ ነው።

ባሏ መልካሙ በዚያው ፋብሪካ ጫኝ ነበር። እሷ የሰፋችውን ጆንያ እሱ በትከሻው ወደ መኪና ያወጣዋል። ቀኑን ሙሉ በአሥር እርምጃ ርቀት እየሠሩ ሳይነጋገሩ ይውሉና ማታ ቤት ሲገቡ ቀኑን እንዳልተያዩ ሰዎች አንዱ ለሌላው ይተርክለታል ይባል ነበር። እሷን ብትጠይቋት ውሸት ነው ትላለች። «መልካሙ ቤት ሲገባ እንቅልፉን ነው የሚተርክልኝ።»

መልካሙ የሞተው የፋብሪካው የሠራተኛ ማኅበር ለሁለት በተከፈለበት ዓመት ነው። ያኔ ለሊቀመንበርነት የተወዳደሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ከወፍጮ ክፍል፣ አንዱ ከብስኩት ክፍል። አንደኛው ሰው ምርጫው ሳይደርስ «የሚመርጠኝን ከሌሊት ፈረቃ አወጣዋለሁ» ብሏል ተብሎ ተከሰሰ። ክሱን ተቀምጦ የዳኘው የለም። ሽማግሎች መሐል ገቡና «ለእኛ ስትሉ ተዉት» አሉ፤ ከሳሹም ለሽማግሎቹ ሲል ተወ። አፉ ተወ እንጂ ሆዱ አልተወም። ውጤቱ ሲነገር የተሸነፈው ወገን ከማኅበሩ ወጣ፤ ከማኅበሩ የወጣው ከእድሩም ወጣ። ከዚያ በኋላ የወፍጮ ክፍል ሰው ሲታመም የብስኩት ክፍል አይጠይቅም፣ የብስኩት ክፍል ሰው ሲድር የወፍጮ ክፍል አይጠራም።

መልካሙ ሲቀበር የመጣው የወፍጮ ክፍል ነው። የብስኩት ክፍል ሰዎች ጠልተውት አልነበረም። ሌላው ወገን ካለበት አንገኝም ብለው እንጂ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ድረስ መጥተው ነበር። ፍትሐቱ ሲያልቅ የትነበርሽ ቀና ስትል በአጥሩ ላይ ራሶቻቸው ታዩዋት። ከመልካሙ ጋር ዕድሜውን ሙሉ አንድ ጆንያ በሁለት ጫፍ የያዘ ሰው እዚያ ቆሞ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ያለቅሳል፤ አይገባም። በኋላ አንድ በአንድ እየመጡ ቤቷ አለቀሱላት። እሷ ግን ያን አጥር አልረሳችውም።

ቂሙ ከጊዜ ብዛት ረገበና ማኅበሩ ተመልሶ አንድ ሆነ። ሲታረቁ አንድ የምርጫ ደንብ አወጡ፤ ዕጩ በቅስቀሳ ጊዜ መራጭን አያበላም፣ አያጠጣም፣ አያስምልም፤ ይህን ያደረገ ከዕጩነት ይሰረዛል። ዘንድሮ ምርጫ ሲደርስ ለአስመራጭ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሲፈለግ ሁለቱም ክፍሎች የትነበርሽን ጠሩ። ለማንም አታደላም ብለው አልነበረም። ለማንም አትመችም፤ ይህ ይበልጥ ይገልጻታል። እሷ አይሆንልኝም ብላ ልትመልስ ፈልጋ ነበር። የተቀበለችው አጥሩ ትዝ ሲላት ነው። ከእንግዲህ ይህን ፋብሪካ ለሁለት ተከፍሎ ማየት አልፈለገችም፤ ሌላ ምኞት አልነበራትም።

ዕጩዎቹ ጌታውና ማንያዘዋል ይባላሉ። ጌታው የወፍጮው ኦፕሬተር ነው፤ ሰፊ ሰው፣ ሳቁ ከወፍጮው በላይ የሚሰማ። ማንያዘዋል የብስኩት ክፍሉ ጥገና ሠራተኛ ነው፤ ቀጭን፣ ነገር የማይረሳ፣ እጁ ከግራሶ የማይጠራ። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ክፉ ቢሆኑማ ነገሩ ይቀል ነበር ትላለች የትነበርሽ።

ነገሩ የመጣው በኅዳር ሚካኤል ነው። ጌታው የሚካኤል ጽዋ ይጠጣል፤ ማኅበርተኞቹ በየወሩ በዐሥራ ሁለት ቀን በተራ እየደገሱ፣ ጽዋውን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ያሻግራሉ። የኅዳሩ ተራ የጌታው ነበር። ቤቱ ውስጥ ግን ማኅበርተኞቹ ብቻ አልነበሩም፤ የብስኩት ክፍል ሴቶች መጥተዋል፣ ጫኞች መጥተዋል፣ የትነበርሽም መጥታለች። ሚካኤል ነው፣ ተጠርታለች፣ ሄደች። ተበላ፣ ተጠጣ። በመጨረሻ የጌታው የነፍስ አባት አባ ፊልጶስ በጽዋው ላይ ቆመው እንደ ልማዳቸው መረቁ። የታመመውን አነሡ፣ የሞተውን አነሡ፣ የጎረቤትን ላም አነሡ። ከዚያ «ልጄን ጌታውን ያሰበውን ወንበር ይስጥልኝ፤ ከእሱ የሚለየውን ሰው አይስጠን» አሉ። ቤቱ ሁሉ «አሜን» አለ። የትነበርሽም አለች። አባ ሲመርቁ አሜን የማይል ማን አለ?

ከጥቂት ቀን በኋላ አዝመራ የምትባል ከብስኩት ማሸጊያ የሆነች ወጣት ሴት ወደ ጆንያው መስፊያ መጣች። በሥራ ሰዓት ቦታዋን ለቅቃ አታውቅም።

«እትዬ የትነበርሽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ጠይቂያ።»

«ሰው በጽዋ ላይ አሜን ያለውን ቢያፈርስ ምን ይሆናል?»

«ምን ብለሽ ነው አሜን ያልሽው?»

«አንቺም አብረሽ አልሽው እኮ። ከጌታው የሚለየውን አይስጠን ሲሉ። እኔ የምፈልገው ማንያዘዋልን ነው። እጄ ማሽን ውስጥ ሊገባ ሲል ያዳነኝ እሱ ነው። አሁን እሱን ብመርጥ ሚካኤልን ዋሸሁት ማለት ነው?»

«ይህን የምታስቢው አንቺ ብቻ ነሽ?»

«ምን እኔ ብቻ። ማሸጊያው በሙሉ ነው። እንኳየሁማ ታማለች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ራሴን ያመኛል ትላለች።»

የትነበርሽ የያዘችውን የጆንያ አፍ ለቀቀችው። ራሷም አሜን ማለቷ እስከዚያ ሰዓት አላሳሰባትም ነበር። አዝመራን ወደ ሥራዋ መለሰቻትና ጆንያዎቹ እስኪጠራቀሙባት ድረስ ጫኞቹ ቢጠሯት አልሰማችም።

በማግሥቱ ማንያዘዋል ቅሬታውን ለኮሚቴው አቀረበ። ጌታው መራጭ አብልቷል፣ አጠጥቷል፣ አስምሏል፤ ስለዚህ ይሰረዝ። ወሬው ፋብሪካውን ለመዞር ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። የወፍጮ ክፍል ሰዎች «ዕጩአችን ከተሰረዘ ማኅበሩን ጥለን እንወጣለን» አሉ። የብስኩት ክፍል ሰዎች «ካልተሰረዘ እኛ እንወጣለን» አሉ። የትነበርሽ ይህን ቃል ታውቀዋለች።

ከኮሚቴው አባላት አንዱ የበሩ ጥበቃ አያ ሰውአገኝ ነበሩ፤ በዕድሜም በፋብሪካውም አንጋፋ ናቸው። ወደ እሷ መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ይህን ነገር አደባባይ አታውጪው። እኔ ማንያዘዋልን ጠርቼ ለእኔ ሲል ይተወው እለዋለሁ። አያሳፍረኝም።»

«ባለፈውስ "ለእኔ ስትል ተው" ያለው ማን ነበር፣ አያ ሰውአገኝ?»

«እኔ ነበርሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ያኔ ጉልበቴ ደኅና ነበር፤ ሰውም ይፈራኝ ነበር። አሁን ግን በፍቅር ነው የማስተወው።»

«ተከድኖ ሲበስል አየነው» አለቻቸው። «ዘንድሮ ይከፈት። ቢሸትም ይከፈት።»

ቅዳሜ ከሰዓት ከፈረቃ በኋላ በሠራተኞች ክበብ ውስጥ ነገሩ ተሰማ። ሁሉም እንዲሰማ በሩን ክፍት አደረገችው። ጌታውንና ማንያዘዋልን አንድ አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ጌታው ሲቀመጥ ማንያዘዋል ያለበት ጫፍ ትንሽ ከፍ አለና ከኋላ የሳቀ ነበር።

መጀመሪያ የተናገረው ማንያዘዋል ነው። «ስለ ጌታው ከመናገሬ በፊት ስለ ዳኛዋ ልናገር። እትዬ የትነበርሽ ራሷ እዚያ ነበረች። በልታለች፣ ጠጥታለች፣ አሜን ብላለች።»

«ብያለሁ» አለች። «ጠላውም ሸጋ ነበር። ስለዚህ እጠይቅሃለሁ። ልነሣ? ሌላ ሰው ይቀመጥ ካልክ አሁኑኑ እነሣለሁ፤ አልቀየምህም።»

ማንያዘዋል ይህን አልጠበቀም። ክበቡን ዞር ብሎ አየ። ያየው ሰው ሁሉ ወይ የበላ ነው ወይ ያልበላበት የሚቆጨው ነው።

«ማን ይቀመጣል?» አለ። «ያልበላው ሰው ሁሉ የእኔ ወገን ነው። ቁጭ በይ።»

ከዚያ ስለ መብሉ ተነጋገሩ። ጌታው ተነሥቶ ጽዋውን የተረከበው በጥቅምት ሚካኤል መሆኑን፣ ያኔ ዕጩ እንዳልነበረ ተናገረ። የጽዋው አለቃ፣ ሙሴው ማለት ነው፣ መጥተው መሰከሩ። «ጽዋ ከተረከብህ በኋላ ዘንድሮ ምርጫ አለብኝ ብለህ ሚካኤልን ተሻገርልኝ አትለውም» አሉ። ማንያዘዋል እዚህ ላይ አልተከራከረም።

«እኔም እንደዚያ አልልም። ማኅበርተኛውን ያብላ። የእኔን ክፍል ማን ጥራ አለው?»

«የሚካኤል ዝክር በር ይዘጋል?» አለ ጌታው።

«በር አይዘጋም። ግን ባለ ዝክሩ እየዞረ ከየማሽኑ ሥር ሰው አይለቅምም። ባለፈው ዓመት የጥር ሚካኤል ተራህ ሲደርስ ማሸጊያ ክፍል የት እንደሆነ ታውቅ ነበር?»

ክበቡ ሳቀ፤ ጌታውም ሳይወድ ፈገግ አለ። የትነበርሽ ሳቁን ጠበቀችና ወደ ዋናው ነገር ገባች። አዝመራ ቆማ ለእሷ የነገረቻትን ደገመችው። የእንኳየሁን ራስ ምታት ጭምር አልዘለለችውም።

«እኔ ማንንም አላስማልኩም» አለ ጌታው። «አባ ናቸው የመረቁት። የነፍስ አባቴን አፍ ልያዝ?»

«አፋቸውን ያዝ አላልንህም» አለች የትነበርሽ። «ሰዎቹ በአሜናቸው ታስረናል ብለው መጨነቃቸውን ሰምተሃል?»

ጌታው ወደ መሬት አየ። «ሰምቻለሁ።»

«መቼ?»

«በማግሥቱ።»

«ሰምተህ ምን አልክ?»

«ምንም።»

«ምነው?»

«ይጠቅመኝ ነበራ» አለ ጌታው።

ይህን ሲል አንድም ሰው አልሳቀም። ማንያዘዋል ግን እንደ አሸናፊ ጉልበቱን መታ አደረገ። ያኔ ነው አዝመራ እንደገና እጇን ያወጣችው።

«ከተነገረ ሁሉም ይነገር። ማንያዘዋልም ነገሩን ያውቅ ነበር። ሄደን ብንነግረው "ቃላችሁን ከምታፈርሱ የምርጫው ቀን ቤታችሁ ዋሉ" ብሎናል።»

የክበቡ ሰው ሁሉ ዞሮ ማንያዘዋልን አየው። «ለነፍሳቸው አስቤ ነው» አለ።

«አንተ» አሉ አያ ሰውአገኝ «ከመቼ ጀምሮ ነው የግራሶ ቆርቆሮ ይዘህ የነፍስ አባት የሆንከው?»

ኮሚቴው ወደ ስኳር መጋዘኑ ጀርባ ሄዶ ተመካከረ። ሲመለሱ የትነበርሽ ቆማ ውሳኔውን ተናገረች። ዝክሩ የቆየ ተራ ስለሆነ ጥፋት አይባልም። ሰው ከየማሽኑ መጥራቱና የሰዉን ጭንቀት ዝም ብሎ ማየቱ ግን ጥፋት ነው፤ ስለዚህ ጌታው አይሰረዝም፣ እስከ ምርጫው ድረስ ግን አይቀሰቅስም። ማንያዘዋል መራጭ ቤቱ እንዲውል መምከሩም ጥፋት ነው፤ ለሰዎቹ ራሱ ሄዶ «ውጡና ምረጡ» ይላቸዋል። «አሜኑን ግን» አለች «እኛ ልንፈታው አንችልም። የመረቁት አባት ይጠሩ።»

«ካልተሰረዘ ወደ በላይ አካል እሄዳለሁ» አለ ማንያዘዋል።

«ሂድ፤ መብትህ ነው። ግን አባ ተናግረው ሰዎቹ ልባቸው ካልተፈታ ያን ጊዜ ሂድ። እኔም አብሬህ እሄዳለሁ።»

ማንያዘዋል ግራሶ ያለበትን ጥፍሩን ሲያይ ቆየ። «እሺ» አለ። «አባን እጠብቃለሁ።» እሺ ሲል ፊቱ እሺ አላለም ነበር፤ የትነበርሽ ቤቷ ሄዳ ስታስበው ያደረችው ያን ፊት ነው።

አባ ፊልጶስን ለማምጣት ሦስቱ በአንድ ባጃጅ ሄዱ። ሁለቱ ሳይነጋገሩ እንዳይደርሱ ብላ ባለ ባጃጁን አንድ ላይ ጫነን ያለችው የትነበርሽ ናት፤ በመሐላቸው ተቀመጠች። ጌታው ግማሹን ወንበር ስለያዘ ማንያዘዋል አንድ እግሩን ውጭ አንጠልጥሎ ነው የሄደው። ከፋብሪካው እስከ አባ ቤት አንድም ቃል አልተነጋገሩም።

አባ ፊልጶስ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ሦስቱን ሲያዩ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«ምን ሆናችሁ? ማን ታመመ?»

«ማንም አልታመመም፣ አባቴ» አለች የትነበርሽ። «በጌታው ቤት የመረቁት ምርቃት ሰው አስጨነቀ።»

«ምርቃት ያስጨንቃል እንዴ?»

«የምርጫ ሰሞን ያስጨንቃል» አለ ጌታው።

ነገሩን ሲሰሙ አባ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «እኔ ቤት ስገባ ላም ካለ ላሟን፣ ልጅ ካለ ልጁን እመርቃለሁ። አንዱ በጆሮዬ ጌታው ለወንበር ተወዳድሯል አለኝ፤ መረቅሁ። ይህም ልጅ ተወዳድሯል ቢለኝ እሱንም እመርቅ ነበር።»

«ሁለታችንንም?» አለ ማንያዘዋል።

«ወንበሩ አንድ ብቻ መሆኑን ማን ነገረኝ?»

ማንያዘዋል ሳቁን መያዝ አቃተው። የጌታው ሳቅ ደግሞ የሰፈሩን ውሾች አስጮኸ። የትነበርሽ ሁለቱ አብረው ሲስቁ ሰማች። ያም ሆኖ ገና አላመነችም። የሁለት ሰው ሳቅ ፋብሪካ አይጠግንም።

ሲመለሱ ባጃጁ አራት ሰው አልይዝም አለ። ጌታው ከሾፌሩ አጠገብ ተጣብቆ ሄደ።

ፈረቃ ሲለወጥ፣ ወጪውም ገቢውም በሩ ላይ ሲገናኝ፣ አባ በጥበቃው ደረጃ ላይ ቆሙ። ወፍጮው ለዚያች ሰዓት ጸጥ ብሎ ነበር። አንዱ ዱቄት የለበሰ፣ ሌላው የቫኒላ ሽታ የለበሰ፣ ሁሉም ከአንድ በር ፊት ለፊት ተሰበሰበ። የትነበርሽ አባን በመንገድ ላይ ደጋግማ ለምናቸው ነበር፤ «እባክዎን፣ አባቴ፣ አጭር ይናገሩ፤ ማንንም አይመርቁ።»

«ልጆቼ» አሉ አባ። «ምርቃት ግዝት አይደለም። ብገዝታችሁ ኖሮ "በሥልጣነ ክህነቴ ገዝቻለሁ" እላችሁ ነበር፤ አላልሁም። አሜን ያላችሁት ለጌታው አይደለም፣ ለእግዚአብሔር ነው፤ እሱ ደግሞ የሚበጀውን ያውቃል። ልባችሁ የወደደውን ምረጡ። በሐሳባችሁ ራሳችሁን አስራችሁ ከሆነም እግዚአብሔር ይፍታችሁ።»

ጸጥ አለ። አባ ጠበቁ። ማንም ትንፍሽ አላለም።

«ምነው ዝም አላችሁ?»

«አባቴ» አለች አዝመራ ከመሐል፣ «እዚህ የደረስነው እኮ አሜን ብለን ነው።»

መጀመሪያ የሳቁት አባ ናቸው። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠና አያ ሰውአገኝ በክንዳቸው ደገፏቸው። ከዚያ ሳቁ ከወጪው ወደ ገቢው ተዛመተ። ሳቁ ሲበርድ እንኳየሁ፣ ያች ራሷን ያመማት ሴት፣ ቀስ ብላ «አሜን» አለች። ከዚያ ሁሉም አለ። ያ አሜን የወፍጮ ይሁን የብስኩት አይለይም ነበር።

ከዚያ ማንያዘዋል ሳይጠሩት ወደ ፊት ወጣ። «ቤታችሁ ዋሉ ብያችሁ ተሳስቻለሁ» አለ። «ውጡ። ጌታውንም ብትመርጡ ውጡ።» ይህን ለመናገር ጥርሱን የነከሰ ይመስል ነበር፤ ግን ተናገረው።

በምርጫው ቀን የቀረ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። በዚያ ሰሞን መንገዱ አንዳንድ ቀን ይዘጋ ስለነበር የትነበርሽ ከኮላ ድባ የሚመላለሱት ሠራተኞች እንዳይቀሩ ፈርታ ነበር፤ ከምርጫው ዋዜማ ጀምረው ከተማ ዘመድ ቤት አድረው መጡ። ድምፁ የተቆጠረው ሁሉም እያየ ነው። ማንያዘዋል በጥቂት ድምፅ በለጠ።

የብስኩት ክፍል ሲያጨበጭብ የወፍጮ ክፍል ሰዎች ጸጥ ብለው ወጡ። የትነበርሽ ጀርባቸውን አየች። በማግሥቱ ወፍጮው ሥር የሚወራውም ደረሳት። «ጌታውን አፉን ዘግተው ነው ያሸነፉት» ይላሉ፤ «ቢቀሰቅስ ኖሮ ያንን ጥቂት ድምፅ ያገኘው ነበር» ይላሉ። ውሸት ነው ማለት አልቻለችም። እውነት ሊሆን ይችላል። ደንቡ ለተሸነፈ ሰው ቅሬታ ማቅረቢያ ጊዜ ይሰጣል፤ ጌታው ቅሬታ ካቀረበ ነገሩ እንደገና ይከፈታል፣ የወፍጮ ክፍልም ምክንያት ያገኛል። በእነዚያ ቀናት ጌታው ወደ ጆንያው መስፊያ አንድም ጊዜ አልመጣም። በሩ ላይ ሲያልፍም ለአያ ሰውአገኝ ሰላምታውን በአንገቱ ብቻ ይሰጣል ተባለ። እሷም አልሄደችበትም። ሰው ሲያዝን የሚመጣበትን መንገድ ራሱ ይምረጥ ብላ ነው።

የቅሬታው ጊዜ በሚያልቅበት ቀን ከምሳ በኋላ ጌታው መጣ። ከጫማው እስከ ቅንድቡ ነጭ ነው። ከወፍጮው በቀጥታ መምጣቱ ነበር። ከኋላው ከክፍሉ ሰዎች ሁለቱ ቆመዋል፤ እነሱም እንደሱ ነጭ ናቸው፣ ፊታቸው አይነበብም። ጌታው አፉን ከፍቶ አንድ ነገር አለ። መስፊያው እየጮኸ ስለነበር ቃሉ አልደረሳትም፤ ከንፈሩን ብቻ አየች። ማሽኑን አጠፋች።

«ምን አልክ?»

«ቅሬታ የለኝም አልኩ።» ከቅንድቡ ላይ ዱቄቱን በክንዱ ጠረገና ሌላ ዱቄት ቀባው። «ክፍሉ ቅሬታ አቅርብ ብሎኝ ነበር። ላቀርብማ ፈልጌ ነበር፤ አልዋሽሽም። ሁለት ቀን አሰብኩት። ታዲያ ምን ብዬ ልክሰስ? ዝም በል የተባልኩት ዝም በማለቴ ነው።» ወደ ኋላ ዞሮ ሁለቱን ሰዎች አያቸው። «እነዚህም ሰሙኝ። ማንያዘዋል ሰኞ ስብሰባ ጠርቷል። የወፍጮ ክፍልን ይዤ እመጣለሁ። የሌሊት ፈረቃ ነገር መነሣት አለበት፤ እሱ ካላነሣው እኔ አነሣዋለሁ።»

ከሁለቱ ሰዎች አንዱ ራሱን ነቀነቀ፤ ሌላው «እንመጣለን» አለ በአጭሩ።

ከየትነበርሽ ፊት የተከፈተ ጆንያ ነበር፤ አፉን በሁለት እጇ ያዘችው፣ ግን አላጠፈችውም።

«ምነው፣ አልሰማሽኝም?» አለ ጌታው።

«ሰምቼሃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ደግመህ በለው» አለችው። «ቅሬታ የለኝም የምትለውን። ስትለው ደስ ይላል።»

ጌታው ደገመው። በዚያ ከወፍጮ በላይ በሚሰማ ድምፁ ነበርና ጫኞቹ ሁሉ ዘወር ብለው አዩት።